የደፈንኩት የንፋስ ቀዳዳ

ኢንግሪድ ሆኪ መጫወት ልታቆም መሆኑን የሰማሁት ሆስፒታል ተኝቼ፣ ኦክስጅን አፍና አፍንጫዬ ላይ ተገጥሞልኝ ነው። የነገረኝ ብራያን ነበር፤ የቡድኑ የዕቃ ክፍል ኃላፊ፣ የእኔም አለቃ። አበባ ይዞ መጣና የት እንደሚቀመጥ ጠፍቶት ቆመ። ጫማው ላይ ያለው በረዶ እየቀለጠ ወለሉን ያረጥበው ነበር። የሚያወራው ሲያጣ፣ "ኢንግሪድ ቅዳሜ ለጋዜጠኞች ልትናገር ነው" አለኝ። "አበቃላት። ሐኪሞቹ ጭንቅላትሽ ከዚህ በላይ አይችልም ብለዋታል።"

ብራያን ከመምጣቱ ትንሽ ቀደም ብላ ሐኪሜ ገብታ ነበር። "ደምሽ ውስጥ ጋዝ አግኝተናል፤ ከሚቃጠል ነገር የሚወጣ ጋዝ ነው። ቤታችሁ በከሰል ትሞቃላችሁ?" ብላ ጠየቀችኝ። ኧረ የለም አልኳት። "ታዲያ ከየት መጣ?" ስትለኝ አላውቅም አልኩ። ያን ጊዜ እውነቴን ነበር። ብራያን የኢንግሪድን ነገር ሲነግረኝ ግን አወቅሁት።

ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው እንዳይሳሳት ነው። ስለ ራሴ ሕመም ብቻ ቢሆን ኖሮ እግዚአብሔርን አመስግኜ ዝም እል ነበር።

ስሜ አስቴር ነው። ከባለቤቴ ከታምራትና ከልጃችን ከሶስና ጋር ሚኒሶታ፣ ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ እንኖራለን። ሥራዬ አንድ የሴቶች የበረዶ ሆኪ ቡድን በሚለማመድበት አዳራሽ ማልያና ፎጣ ማጠብ ነው። ጨዋታውን ለማያውቅ፦ ሥሩ ስለት ያለው ጫማ አድርገው በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ፣ ፓክ የሚሉትን ጥቁር የጎማ ክብ በዱላ ጎል ለማስገባት ይሻማሉ። ሲጋጩ ድምፁ በር የተላተመ ይመስላል። መጀመሪያ አካባቢ በተጋጩ ቁጥር እኔ ነበርኩ የማማትበው።

ኢንግሪድ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ከዚህ በሰሜን በኩል ካለ ትንሽ ከተማ፣ ከቤታቸው ጀርባ ባለ ሐይቅ ላይ ከወንድሞቿ ጋር ስትንሸራተት ያደገች ናት። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ስትወጣ ለሴት ተጫዋች ደህና ደመወዝ የሚከፍል ሊግ አልነበረም። በጋ በጋ የሰው ቤት ቀለም ትቀባ ነበር፤ ክረምት መምህር የቀረበትን ክፍል እየተካች ታስተምርና ማታ ትለማመዳለች። ሁለት ዓመት ስዊድን ሄዳ ተጫውታለች። "እናቴ መቼ ነው እውነተኛ ሥራ የምትይዢው ትለኝ ነበር" ብላ ስቃ ነግራኛለች። በመጨረሻ ሊጉ መጣ፤ እሷም ገባች። አሥራ አንድ ዓመት የጠበቀችው ነገር ነው።

ይህን ሁሉ የነገረችኝ በእኔ ክፍል ነው። ላውንድሪው፣ ማለት የልብስ ማጠቢያው፣ ከበረዶው ሜዳ ጀርባ፣ በረዶውን የሚያለሰልሰው ትልቅ መኪና ከሚቆምበት ጋራዥ ጎን ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ማድረቂያዎቹ ስለሚሞቁ ኢንግሪድ ከልምምድ በፊትና በኋላ እየመጣች በርጩማ ላይ ቁጭ ትላለች፣ ጓንቷን ታደርቃለች። ሌሎቹ አይመጡም ነበር። "አስቴር፣ ያንቺ ክፍል ባይኖር ጣቶቼን አጣቸው ነበር" ትለኛለች። እኔም ደስ ይለኛል። ሰው አገር ሰው ሲፈልግሽ ደስ ይላል።

አንድ ነገር ብቻ ያስቸግረኝ ነበር። በግድግዳው ላይኛው ክፍል፣ ከጣሪያው ሥር፣ ከውጭ አየር የሚያስገባ በሽቦ የተሸፈነ ቀዳዳ አለ። በሚኒሶታ ክረምት ከዚያ የሚወርደው ንፋስ በቀጥታ ማጅራቴ ላይ ነው የሚያርፈው። እኛ ደግሞ ንፋስ እንደምንፈራ ታውቃላችሁ። አገር ቤት ታክሲ ውስጥ በሙቀት ብናልቅ መስኮት አይከፈትም፤ የከፈተ ሰው "ልትገድለን ነው እንዴ!" ይባላል። ስለዚህ የነቢያት ጾም በገባ ሰሞን ወንበር ላይ ቆምኩና ሁለት ፎጣ ቀዳዳው ውስጥ ጠቅጥቄ፣ ተጫዋቾቹ ካልሲያቸውን በሚያስሩበት ፕላስተር ዙሪያውን አጣበቅሁት። ኢንግሪድ ስትገባ "ዛሬ እንዴት ይሞቃል!" አለች። "ለአንቺም ለእኔም ነው" አልኳት።

እንዲህ ብዬ ነው የደፈንኩት። ለአንቺም ለእኔም።

ከሳምንት በኋላ ራስ ምታቱ ጀመረ። ግንባሬን በመቀነት ጠፍሮ እንደማሰር ያለ ነው። ከዚያ ማቅለሽለሽ፣ ከዚያ ጉልበቴ መክዳት። ቤት ስገባ ይለቀኛል። ታምራት "ጾሙን ቀነስ አድርጊ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድሽን ማሽን ስትጎትቺ ምን ልትሆኚ ነው?" አለኝ። ተኳረፍን። ጾሜን ሲነካብኝ አልወድም።

ክሊኒክ ሄድኩ። ነርሷ ጣቴ ላይ መቆንጠጫዋን ሰካችና "ኦክስጅንሽ ዘጠና ዘጠኝ ነው፣ በጣም ጥሩ" አለች። ሐኪሙ ውኃ በደንብ ጠጪ አለኝ። በሁለተኛው ጊዜ ሌላ ሐኪም ማይግሬን ነው ብሎ ክኒን ሰጠኝ። በሦስተኛው ጊዜ መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ብዙ ተቀምጬ፣ ከጎኔ የነበሩ አንዲት የኦሮሞ እናት ከቦርሳቸው ትንሽዬ ብርቱካን አውጥተው ልጠው ሰጡኝ። "ጾም ነው አይደል? ይሄ ጾም አያስገድፍም፣ ብዪ" አሉኝ፤ እሳቸው ሙስሊም ናቸው። እስካሁን ጣዕሙ አፌ ላይ አለ። ከዚያ ተጠራሁና የምሞላው መጠይቅ ሰጡኝ። ታዝኛለሽ? እንቅልፍ አለሽ? ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ትሰሚያለሽ?

አልሰማም የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። ዋሸሁ።

እሰማ ነበር። በመጀመሪያ የሰማሁት የጫማ ስለት በረዶ ሲቆርጥ ነው። ልምምድ አልቆ፣ አዳራሹ ባዶ ሆኖ፣ የሜዳው መብራት ግማሹ ጠፍቶ፤ ጭርርር ይልና ይቆማል። እንደገና ጭርርር። አንድ ሰው ብቻ፣ ቀስ ብሎ የሚዞር። ወጥቼ አየሁ። በረዶው ተለስልሶ እንደ መስታወት ተኝቷል፤ አንድ ጭረት የለበትም። ተመልሼ ገባሁ። ጭርርር።

በሌላ ቀን ከሜዳው ማዶ፣ ከመስታወቱ አጥር ጀርባ፣ ራሷ ላይ ነጭ ነገር ያደረገች ሴት ቆማ አየሁ። የቆመችው ፊቷን ወደ እኔ አድርጋ ነው፤ ፊቷ ግን አይለይም። ዳዊቴን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ቀና ስል የለችም።

ከገና በፊት ባለው ሳምንት ደግሞ ተጠራሁ። ማድረቂያው እየዞረ፣ ልክ ከትከሻዬ ጀርባ፣ በክርስትና ስሜ። ወለተ ሥላሴ። ይህን ስም በሚኒሶታ የሚያውቀው የንስሐ አባቴ ብቻ ነው። ታምራት እንኳ አንድ ጊዜ ነግሬው ረስቶታል።

ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። አዳመጡኝና "ቤትሽ ውስጥ ይጠራሻል?" አሉኝ።

"የለም፣ አባ።"

"ቤተ ክርስቲያን? መንገድ ላይ?"

"የለም። ሥራ ቦታ ብቻ።"

"ታዲያ ሰይጣን የሥራ ሰዓት አለው እንዴ ልጄ?" አሉኝ። "ቦታውን አስመርምሪ። ጸበሉንም ጠጪ፣ ቦታውንም አስመርምሪ።"

ከሁለቱ ትእዛዝ የፈጸምኩት አንዱን ነው። ጸበሉን ጠጣሁ፤ ወስጄም የላውንድሪውን አራት ማዕዘን ረጨሁ፤ የደፈንኩትን ቀዳዳ ጭምር። በሩንም አጥብቄ ዘጋሁ።

በዚያው ሰሞን ኢንግሪድ ታመመች። ኅዳር ላይ በጨዋታ ከአጥሩ ጋር ተጋጭታ ኮንከሽን፣ ማለት የአንጎል መናወጥ ደርሶባት ነበር፤ አርፋ ድና ተመልሳለች። አሁን ራስ ምታቱ እንደገና መጣባት። ቤቷ ስታርፍ ይሻላታል፣ ለልምምድ ስትመለስ ይብስባታል። ሐኪሞቿም ስትለፊ የሚነሳብሽ ከሆነ አንጎልሽ አልዳነም አሏት። እኔም አመንኳቸው። አመመኝ ባለች ቁጥር "ነይ፣ ሙቀት ይሻልሻል" ብዬ በርጩማውን ወደ ማድረቂያው አስጠጋላት ነበር። ቁጭ ብላ ዓይኗን ጨፍና ትቆያለች።

አንድ ቀን ዓይኗን ሳትገልጥ "አስቴር፣ ያቺ ሴትዮ ዘመድሽ ናት?" አለችኝ።

"የቷ?"

"ከመስታወቱ ጀርባ የምትቆመው። ነጭ የምትከናነበው። አንቺን የምትጠብቅ መስሎኝ ነበር።"

ለማንም አልተናገርኩም ነበር፤ ለእሷም ቢሆን። "አላውቃትም" አልኳትና ፎጣ መጠቅለል ጀመርኩ። እሷም ደግማ አላነሳችውም። የታመመ ጭንቅላት ያየውን ነገር ማውራት ለሥራዋ እንደማይበጅ የምታውቅ ይመስለኛል። እኔም ለሥራዬ እንደማይበጅ አውቅ ነበር።

ገና አልፎ፣ ብርዱ ፊት በሚሰነጥቅበት አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ አዳራሹ በሰው ተሞልቶ ነበር። ትንንሽ ልጆች መንሸራተት የሚማሩበት ቀን ነው፤ እናቶች መቀመጫው ላይ ሞልተዋል። ኢንግሪድ ከሰኞ ጀምሮ ቤቷ ነበረች። የበረዶ መኪናው ነጂ ኬኒ ሞተሩ ስለቀዘቀዘበት የጋራዡን የውጭ በር ዘግቶ መኪናውን አስነስቶ እያሞቀ ነበር። እኔ ሁለቱንም ማድረቂያ ለኮስኩ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ትንሽ ነው። ማልያ አጥፌ ነበር። የኢንግሪድን። ከዚያ ድምፁ መጣ።

"ወለተ ሥላሴ። ተነሺ።"

ተነሺ ሲለኝ ገረመኝ፤ መተኛቴን አላወቅሁም ነበር። ጉንጬ ሲሚንቶ ላይ ነው። ልነሳ አሰብኩ፣ እግሬ የእኔ አልሆን አለኝ። ቀጥሎ ያየሁት የኮሪደሩን ጣሪያና የኬኒን ፊት ነው። "አስቴር! ስቴይ ዊዝ ሚ!" ይላል፤ አትጥፊብኝ እንደማለት።

ሆስፒታል አበባውን ይዞ የመጣው ብራያን የቀረውን ነገረኝ። የኮሪደሩ በር ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ እንዳይዘጋም ከሥሩ ፓክ ተሸጉጦበት፣ እኔ ግማሽ አካሌ ኮሪደር ላይ ሆኖ ነው ኬኒ ያገኘኝ። የእሳት አደጋ ሰዎች መጥተው አየሩን ሲለኩ ብዙ ነገር አላገኙም። "ክፍሉ ደህና ነው፣ አየር ማስገቢያውም ክፍት ነው አሉ" አለኝ።

"ክፍት ነው?"

"አዎ። ይኸው" ብሎ በስልኩ ያነሳውን ፎቶ አሳየኝ።

ቀዳዳው ባዶ ነው። ፕላስተሩ ተልጦ በአንድ ጎን ተንጠልጥሏል። ከሥሩ በርጩማው ላይ ሁለቱ ፎጣዎች ተደራርበው ተቀምጠዋል። ሥራ ላይ ፎጣ የምንጠቀልለው እንደ ዱላ ነው፤ የቡድኑ ደንብ ነው፣ እኔም ከደንብ ወጥቼ አላውቅም። እነዚህ ግን ተጠቅልለው አይደለም። በቁመታቸው ታጥፈው፣ እንደገና ታጥፈው፣ ሰማያዊው የጠርዝ መስመር ወደ ውጭ እንዲታይ ተደርጎ፣ ልክ ነጠላ ጥለቱ እንዲታይ ሆኖ ለቤተ ክርስቲያን እንደሚታጠፈው ነበር።

ብራያን ሲሄድ ታምራት በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋና አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሁሉንም ነገርኩት።

"አስቱ፣ ዝም በዪ" አለኝ። "ፎጣው ወጥቷል። ማንም አላየሽ። መኪናው ነው ይባላል፣ ያበቃል። ከተናገርሽ ሥራሽም ይሄዳል፣ ያቺም ልጅ ትከስሻለች።"

"እሷ እኮ ቅዳሜ ልታቆም ነው። ጭንቅላቴ ሞቷል ብላ።"

"ምናልባት እውነትም ሞቶ ከሆነስ? ምን ታውቂያለሽ?"

ሶስና መስኮቱ ጋ ቆማ ስልኳን የምታይ መስሎኝ ነበር። ዞር ሳትል "ማሚ፣ ጀስት ቴል ኸር" አለች፤ ንገሪያት ማለቷ ነው። ከዚያ፣ ከእሷ አፍ ብዙም በማይሰማ አማርኛ፦ "አንቺ ብትሆኚ እንዲነግሩሽ ትፈልጊያለሽ።"

አገር ቤት ከሰል አስገብቶ፣ በር ዘግቶ ተኝቶ የቀረ ሰው ያልሰማ የለም። እኔ ራሴ ሰፈራችን የሞቱትን ሁለት እህትማማቾች ቀብሬያለሁ። ከሰል ግን ይሸታል፣ ይታያል፤ ይኼኛው አይሸትም፣ አይታይም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሉታል። ማድረቂያ አየር እየሳበ ወደ ውጭ ይተፋል፤ ከውጭ የሚገባውን መንገድ ስደፍንበት ከጎን ጋራዡ ሳበ፣ የመኪናውን ጭስ በመካከላቸው ባለው በር ሥር አድርጎ። ያቺ የጣት መቆንጠጫ ደግሞ ይህን ጋዝ ከኦክስጅን አትለየውም፤ ደም እየተመረዘ ዘጠና ዘጠኝ ትላለች። ይህን ሁሉ ያስረዳችኝ ሐኪሜ ናት፣ እውነቱን ከነገርኳት በኋላ።

ዓርብ ዕለት ኢንግሪድ መጣች። ልምጣ ያለችው እሷ ናት፤ ልትሰናበተኝ። ኦክስጅኑን ከፊቴ አንስቼ ነገርኳት። እንግሊዝኛዬ ተወላገደብኝ። ፎጣ አልኳት፣ ንፋስ አልኳት፣ ማጅራቴን አሳየኋት።

"አሥራ አንድ ዓመት ጠብቄ" አለች፤ "በፎጣ?"

"በፎጣ።"

"እና በየቀኑ ነይ ተቀመጪ ትዪኝ ነበር።"

"እልሽ ነበር።"

ተነስታ ወጣች። በሩን አላላተመችውም፤ ብታላትመው ይሻለኝ ነበር። አጠገቤ የነበረችው ሐኪሜ ተከትላት ወጣች፤ ኮሪደሩ ላይ ለረጅም ጊዜ ሲነጋገሩ ሰማሁ። ቅዳሜ ለጋዜጠኞች የተናገረ ሰው አልነበረም።

የእኔ መዳን ፈጣን አልነበረም። የግፊት ክፍል በሚሉት፣ ክብ መስኮት ባለው የብረት በርሜል በሚመስል ነገር ውስጥ ብዙ ቀን ገብቼ ኦክስጅን ተነፈስኩ። እዚያ ውስጥ ስትሆኚ ጆሮሽ ይደፈናል፣ የራስሽን ልብ ትሰሚያለሽ። አባታችን ሆይ ብዬ ጀምሬ "የዕለት እንጀራችንን" ላይ ስደርስ ቀጣዩ ይጠፋኝ ነበር። ከሕፃንነቴ የማውቀው ጸሎት፣ ተቆርጦ ገደል ይገባል። ከሁሉ በላይ ያስፈራኝ ይኸ ነው። ታምራት ማታ ማታ ከጎኔ ተቀምጦ እንደ የኔታ አንድ አንድ ቃል እየሰጠ መለሰልኝ። እሱ እኮ ቅዳሴ ላይ ሰዓት የሚያይ ሰው ነበር። በሦስተኛው ወር ሙሉውን ብቻዬን ደረስኩት።

ኢንግሪድ ከዚያ ክፍል ርቃ፣ በሌላ አዳራሽ ቀስ በቀስ ተለማመደች። ራስ ምታቱ ቀረ። የጨዋታው ወቅት ሊያልቅ ሲል ተመለሰች። ሶስና ቲኬት ቡክ አደረገችና አብረን ሄድን። ጎል አላገባችም፤ አንድ ጊዜ ከአጥሩ ጋር ተጋጨች፣ እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ቆማ ዱላዋን እያነሳች ነበር፣ ከሌላኛዋ ጋር ትሰዳደባለች። እንደዚያ ቀን ስድብ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሥራዬን አልቀሙኝም። ጋራዡ ውስጥም፣ ላውንድሪውም ውስጥ አሁን ጋዝ ሲኖር የሚጮህ መሣሪያ ተሰቅሏል። ወደ ሥራ የተመለስኩ ዕለት ኢንግሪድ በሩ ላይ ቆመች። አልገባችም። ከሱፍ የተሠራ የአንገት ማሞቂያ ወረወረችልኝ። "ለማጅራትሽ" አለች። "ያንን ቀዳዳ ብትነኪው ግን በዱላዬ ነው የማናግርሽ።" ከዚያ ገብታ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ንፋሱ ከላይ ይነፋብን ነበር። "ሴትዮዋን ከዚያ ወዲህ አይተሻት ታውቂያለሽ?" አለችኝ። አላየኋትም። እሷም አላየቻትም።

ሐኪሜ ጋዙ የሌለ ድምፅ ያሰማል፣ የሌለ ሰው ያሳያል ብላኛለች፤ አምናታለሁ። ለሁለት ሰው አንዲቷን ሴት እንዴት እንደሚያሳይ ስጠይቃት ግን ወረቀቷን አየች። ፎጣውን ራሴ አውጥቼ ረስቼው ይሆናል አለችኝ። ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ጉልበቴ በከዳኝ ሰዓት ወንበር ላይ ቆሜ? አውጥቼ፣ አጥፌ፣ ፓክ ፈልጌ በሩ ሥር ሸጉጬ? ኬኒን ጠየቅሁት፣ አልነካሁም አለኝ። ብራያን የአዳራሹን ሰዎች ሁሉ ጠየቀልኝ። አንድም እኔ ነኝ ያለ የለም።

ስለዚህ እናንተን እለምናለሁ። ያን ሐሙስ ጠዋት ልጆቻችሁን መንሸራተት ለማስተማር አምጥታችሁ መቀመጫው ላይ የነበራችሁ አበሾች ካላችሁ፣ ወይም ከናንተ ጋር ነጠላ የተከናነበች እናት የነበረች እንደሆነ፣ እባካችሁ አስታውሱልኝ። በሩን የከፈትሽው አንቺ ከሆንሽ አትፍሪ፤ እግርሽን ልስም እንጂ ሌላ ነገር የለኝም። ስሜን ከየት እንዳወቅሽው እንኳ አልጠይቅሽም። ላውንድሪው በር ድረስ ብቻ ነዪልኝ። ሁለት ፎጣ አስቀምጬልሻለሁ። እንዴት እንደምታጥፊያቸው አሳዪኝ።